መድኃኒትና መልእክት፤ የሐኪም ብላንክ ጕዞ ወደ መቅደላ

ከደሴ ተነሥቶ በተንታ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ መቅደላ አምባን ያገኛል። የአምባው ስም ሲነሣ ሁላችንም አስቀድመን የምናስታውሰው የዐፄ ቴዎድሮስን ሞት ነው። ነገር ግን ደሴ ገና ከተማ ሳትሆን፣ ኮምቦልቻም ፋብሪካ ሳይተከልባት፣ በዚያ አምባ ላይ 21 ወር ያህል በእግር ብረት ታስሮ የኖረ አንድ ሐኪም ነበረ። ይህም ሰው ሄንሪ ብላንክ ይባላል።

በዚያ ዘመን ከኤውሮፓ ወደ አፍሪካ ከመጡት አገር መርማሪዎች መካከል ሐኪሞች ጥቂቶች አልነበሩም። ዝነኛው ሊቪንግስቶን ራሱ ሐኪም ነበረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ወታደር ሲመጣ በር ይዘጋበታል፤ ሐኪም ሲመጣ ግን ሕመምተኛው ራሱ ተነሥቶ በሩን ይከፍትለታል።

ለዚህ ነገር በአገራችን የቆየ ምሳሌ አለ። ታላቁ ኢያሱ ለራሳቸውና ለልጃቸው ሕመም ሐኪም ፈልገው ወደ ካይሮ መልእክተኛ በላኩ ጊዜ፣ ሻርል ዣክ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በሐምሌ 1691 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ሁለቱንም አክሞ በ1692 ዓ.ም. በክብር ተሰናብቶ ተመለሰ። ሆኖም ፖንሴ ከካይሮ ሲነሣ ብቻውን አልነበረም። ብሬቭዳን የተባለ ኢየሱሳዊ ካህን የእርሱ አሽከር መስሎ ተከትሎት ነበር፤ ጎንደር ሳይደርስ በመንገድ ሞተ። ኢየሱሳውያን በዐፄ ፋሲል ጊዜ ከአገር የተባረሩ ስለ ነበሩ፣ በሐኪሙ ጥላ ተሸፍኖ መግባት ግድ ሆኖበት ነበር።

ብላንክ ደግሞ በሕንድ አገር የቦምቤይ ሠራዊት ሐኪም ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ተቈጥተው ቆንስል ካሜሮንን ባሰሩ ጊዜ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ራሳምን መልእክተኛ አድርጎ ሲልክ ብላንክንና ፕሪዶ የተባለውን መኰንን አብሮ ላከ። ከምጥዋ በከሰላና በመተማ ዞረው በጥር 1858 ዓ.ም. በዳሞት ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ፤ በመልካም አቀባበልም ተቀበሏቸው። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ አገር የእጅ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ይፈልጉ ስለ ነበር፣ መልእክተኞቹ ሊመለሱ ሲነሡ በሚያዝያ ወር ዘጌ ላይ አስያዟቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው። በሰኔ 1858 ዓ.ም. በጣና ዳር የሰፈረውን ሠራዊት ኮሌራ በፈጀው ጊዜ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የብላንክን ምክር ሰምተው ሰፈራቸውን ወደ በጌምድር ደጋ አዛወሩ። በሐምሌ ግን ያንኑ ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር ወደ መቅደላ ሰደው በብረት አሳሰሩት። የሠራዊታቸውን ነፍስ በእርሱ ምክር አምነው ነበር፤ እርሱ የመጣበትን መንግሥት ግን አላመኑም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ጦርነት ከሆነ በኋላ በማግሥቱ እስረኞቹ መለቀቅ ጀመሩ። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፤ የእንግሊዝ ወታደሮችም አምባውን ዘርፈው የብራና መጻሕፍቱን ወሰዱ። ይህን ዘመቻ በጋዜጠኝነት የተከተለው ስታንሊ፣ በኋላ በ1864 ዓ.ም. በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ሊቪንግስቶንን ፈልጎ ያገኘው ሰው ነው። ብላንክም እንደ ተፈታ ወዲያው የእስራቱን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ።

እንግዲህ ይህን መጽሐፍ እንዴት እናንብበው? ብረት የከበደው ሰው ያሰረውን ንጉሥ በቅን ዓይን ይመለከተዋል ማለት አይቻልም። ቢሆንም በዓይኑ ያየውን ጽፏልና መጣል አይገባም። መምህራን የብላንክን መጽሐፍ ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ከጻፉት ዜና መዋዕል ጋር አስተያይተው ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፣ የታሳሪውንም የአሳሪውንም ወገን ቃል አሰምተው ያስተምራሉ።

የሁለቱ ሐኪሞች ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። መድኃኒት በር ይከፍታል፤ ነገር ግን ከመድኃኒቱ ጋር ሌላ መልእክት የተሸከመ ሐኪም፣ የተከፈተለት በር መልሶ እንዳይዘጋበት ዋስትና የለውም። ሕመምተኛ ራሱን አሳልፎ የሚሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው። ስለዚህ በሕክምናም፣ በትምህርትም፣ በመንግሥት ሥራም ሕዝብን የሚያገለግል ሁሉ፣ በዚህ እምነት ተሸፍኖ ሌላ ነገር እንዳያስገባ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።