ቤቱን ጭኖ የተሰደደ መንደር

ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ እናውቃለን። ቤቱን በመኪና ጭኖ የተሰደደ መንደር አለ ብላችሁ ታምናላችሁ?

አዳሚናቢ ትባላለች። በአውስትራሊያ፣ በስኖዊ ተራሮች አካባቢ የምትገኝ የበግና የከብት አርቢዎች የደጋ መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1949 መንግሥት ለመብራትና ለመስኖ ብሎ ትልቅ የግድብ ሥራ ጀመረ። የዩከምቢን ወንዝ ሲገደብ መንደሯ ከሐይቁ ሥር ልትውል ሆነ። እናላችሁ፣ በ1956 እና በ1957 ከመቶ በላይ ቤቶች እየተነቀሉ በከባድ መኪና ወደ አዲሱ ቦታ ተጓዙ። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀሩ ፈርሰው እዚያ እንደገና ተሠሩ።

እኔን የሚከነክነኝ መሬቱ ነው። ቤትስ ይጫናል፤ የወንዝ ዳር ግጦሽ በምን መኪና ይጫናል? ደግሞ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለዚያ ሥራ ከ30 በላይ አገሮች ሰዎች መጥተዋል፤ ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ የሸሹ አውሮፓውያን ነበሩ። ገበሬውን ከቀዬው ያስነሣው ግድብ ለስደተኛው እንጀራ ሆነው። ማንን ልውቀስ?

በ2007፣ በድርቁ ዘመን፣ ሐይቁ ሲጎድል የአሮጌዋ መንደር ፍርስራሽ ብቅ አለ። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ የደረቀ ጭቃ ላይ የቆመ የሲሚንቶ ደረጃ። ወደ ምንም ቤት አያስገባም።