አየሩን አይቶ ነዳጁን የረሳ፦ ከቤንትሊ እስከ ስፒትፋየር

ስለ ፈጣን መኪና ወሬ ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ሱፐርቻርጀሩ ነው። የሚያፏጨው እሱ፣ ፎቶ የሚነሳው እሱ፣ ዋጋ የሚያስወጣውም እሱ። ነዳጅ ጋን ውስጥ ተዘፍቃ የምትሠራውን ፓምፕ ግን እስክትከዳ ድረስ የሚያስታውሳት የለም። የሞተር ጉልበት ታሪክ በአመዛኙ የአየር ታሪክ ሆኖ ነው የተጻፈው። እኔ ዛሬ ከነዳጁ በኩል ላነበው ወድጃለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመሠረቱ እንነሳ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ጉልበት ለመጨመር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የአየር ነው። የአዲስ አበባ ሾፌር ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ተራ ሞተርም በዚያው መጠን ይደክማል። ሱፐርቻርጀር ለዚህ ችግር የተገኘ መላ ነው፤ ከሞተሩ ባገኘው ጉልበት እየተሽከረከረ አየር አጭቆ ያስገባል።

መሣሪያው ከመኪና ይቀድማል። በአሜሪካ ኢንዲያና የሩትስ ወንድማማቾች በ1860 የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት ማሽን ለማቅለጫ ምድጃና ለማዕድን ጉድጓድ አየር ሲነፋ የኖረ ነው። በ1923 ሞንዛ ላይ ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ፊያት የጣሊያንን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ፤ በግራንድ ፕሪ ውድድር እንዲህ ያለ መኪና ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም አየር መጫን ጀመረ።

የእንግሊዙ ቲም በርኪንም ጀመረ። የቤንትሊን 4.5 ሊትር ሞተር ይዞ ከፊቱ ትልቅ ሱፐርቻርጀር አስገጠመለት። የኩባንያው መሥራች ደብልዩ ኦ ቤንትሊ ነገሩን አልወደደውም፤ ጉልበት ከተፈለገ ሞተሩን ማስፋት ይሻላል ባይ ነበር። በ1930 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ጎዳና ላይ ተገናኙ። በርኪን የካራቾላን መርሴዲስ እያሳደደ ሕዝቡን አስጨበጨበ። ሆኖም የበርኪን ቡድን መኪኖችም መርሴዲሱም ውድድሩን አልጨረሱም። ያሸነፈው ሱፐርቻርጀር የሌለው ባለ 6.5 ሊትሩ ስፒድ ሲክስ ነው። ዛሬ ግን ፖስተር ላይ የምናየው ተሸናፊውን ነው። ለዓይን የሚሞላው አየሩ ነዋ!

ትልቁ ትምህርት የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ከሰማይ ነው። የእንግሊዞቹ ስፒትፋየርና ሃሪኬን የሚበሩት በሮልስ ሮይስ መርሊን ነበር፤ 27 ሊትር፣ 12 ሲሊንደር፣ ሱፐርቻርጀር ያለው። በ1940 ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን ሲመጣ፣ በሱፐርቻርጀሩ የሚጫነው ግፊት በካሬ ኢንች ከ6 ፓውንድ ጥቂት ከፍ ካለው ወደ 12 ፓውንድ እንዲወጣ ተፈቀደ። ከ1,000 ጥቂት ከፍ ያለው የፈረስ ጉልበት ወደ 1,300 ተጠጋ። ልብ በሉ፤ የተለወጠው ነዳጁ ነው እንጂ ሞተሩ ያው ነበር።

ይሁንና ያ ሁሉ ጉልበት የሚመገበው በተንሳፋፊ ካርቡሬተር ነበር። አብራሪው አፍንጫውን ድንገት ወደ ታች ሲደፋ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሞተሩ በቅጽበት ይራባል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ተንሳፋፊው ቦታውን ስቶ መግቢያውን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል፤ ፓምፑም ያለውን ሁሉ ያፈስሳል፤ ሞተሩ በነዳጅ ይሰምጣል። ጀርመኖቹ በመሰርሽሚት 109 ላይ ነዳጅን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሞተር ስለነበራቸው፣ ሲባረሩ አፍንጫ ደፍተው ማምለጥ ይችሉ ነበር። እንግሊዛዊው ግን መጀመሪያ አውሮፕላኑን መገልበጥ ነበረበት። በአየር ውጊያ ያቺ ሰከንድ የሰው ነፍስ ናት።

መላውን ያገኘችው በፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም የምትሠራው መሐንዲስ ቢያትሪስ ሺሊንግ ናት። ሞተርሳይክል በብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ያስፈተለከች ሴት ነበረች። የሠራችው ዕቃ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የብረት ቁራጭ ነው። በነዳጅ መስመሩ ላይ ትገጠማለች፤ የቀዳዳዋ ስፋት ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ያሳልፋል። የፓምፑ ጎርፍ በዚህ ተገታ። በ1941 መጀመሪያ ሺሊንግና ጥቂት ባልደረቦቿ በየአየር ማረፊያው እየዞሩ ገጠሙት፤ አውሮፕላኖቹን ከሥራ ማውጣት አላስፈለገም።

ለዛሬው ጉዳያችን ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳዋ በሁለት ልክ ነበር የተሠራችው፤ አንዷ ለ12 ፓውንድ ግፊት፣ ሌላዋ ለ15 ፓውንድ። አየሩ ሲጨምር የነዳጁም ልክ እንደገና መለካት ነበረበት። ችግሩ ከሥሩ የተፈታው ግን በ1943 በግፊት የሚሠራ ካርቡሬተር ሲመጣ ነው።

አሁን ወደ ጋራዥ እንመለስ። በአሜሪካም በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሱፐርቻርጀር ያለው መኪና እጃችሁ የገባ አንባቢዎች አትጠፉም። የተለመደው ፈተና ትንሿ ፑሊ ናት። ሱፐርቻርጀሩ ላይ ያለውን ፑሊ በትንሽ ለውጦ ፍጥነቱን መጨመር ርካሽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ማታ ይነዳል። ነዳጁስ?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እንዲህ ያለ ሞተር ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ገደማ ቤንዚን ይበላል ብለን እንያዝ። 500 ፈረስ ጉልበት ማለት 135 ኪሎ፣ ወደ 180 ሊትር ነው። 255 ሊትር በሰዓት የሚል ፓምፕ ገዝቶ «ተርፎኛል» የሚል ይኖራል። አይቸኩል። የነዳጁ ግፊት በመሠረቱ 3 ባር ከሆነና ሱፐርቻርጀሩ 1 ባር ቢጭን፣ ያ አየር ኢንጀክተሩን መልሶ ስለሚገፋ ፓምፑ 4 ባር መስጠት አለበት። ግፊት ሲጨምር ደግሞ የሚያፈስሰው ሊትር ይቀንሳል። በቀጭን አሮጌ ሽቦ የሚመጣ ኤሌክትሪክም ያደክመዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «በ4 ባር፣ እዚያው ጋኑ ጋ በሚደርሰው ቮልት፣ ስንት ሊትር?» ተብሎ ነው። ፓምፑ ከተቀየረ በኋላም ማጣሪያው፣ ቱቦውና ኢንጀክተሩ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሞተሩ ኮምፒውተርም ለአዲሱ ልክ መስተካከል አለበት።

የዚህ ጉድለት ክፋቱ አለመታየቱ ነው። ከተማ ውስጥ መኪናው እንደ በግ ይነዳል። ነዳጁ የሚያጥረው ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ፣ ሞተሩ በጣም ሲፈጥን ነው። ያኔ ሙቀቱ ይንራል፣ ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ ይፈነዳል፣ ፒስተን ይቀልጣል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይሉት ነገር ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ቅደም ተከተሉን ነው። የእንግሊዝ አብራሪዎች አፍንጫ ሲደፉ የሚያጠፋው ሞተር ያው ጉልበተኛው መርሊን ነበር። ስለ ጉልበቱ ብዙ ተወርቷል፤ ወደ ጉልበቱ የሚወስደውን መስመር ቁጭ ብላ የለካችው ግን ሺሊንግ ናት። ፑሊ ከመግዛታችሁ በፊት ፓምፑን አስለኩ።

የሞከራችሁ ካላችሁ ከሥር ጻፉልን።