የመድረክ መዋጮ፦ ከአቴና እስከ ካሚሪቱ

አማተር ተዋናይ መድረክ ላይ ለመቆም ገንዘብ መክፈል ይገባዋልን? ጥያቄው ያለ ደመወዝ፣ በፍቅር ብቻ የሚጫወቱ ሰዎች ባሉበት ሁሉ ይነሣል። አዳራሽ በነፃ አይገኝም፤ አልባሳትና መብራትም እንዲሁ። ወጪውን የሚሸፍን ሰው የግድ ያስፈልጋል። ክርክሩ ያ ሰው ማን ይሁን የሚለው ነው።

የጥንቶቹ አቴናውያን ሸክሙን በባለጸጋ ላይ ጣሉት። በዲዮኒስዮስ በዓል በሚቀርቡ ትራጀዲዎች ውስጥ የሚዘምሩትና የሚጨፍሩት የኅብረ ዝማሬ አባላት ተራ ዜጎች ነበሩ። የልምምዳቸውንና የአልባሳታቸውን ወጪ የሚችለው «ኮሬጎስ» ተብሎ የሚሾም ሀብታም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አንድ አቴናዊ ለአንድ የትራጀዲ ቡድን 3,000 ድራክማ ማውጣቱን በችሎት ተናግሯል፤ የአንድ ባለሙያ የቀን ዋጋ በዚያ ዘመን 1 ድራክማ ገደማ ነበር። ድኻው ሳይከፍል ተጫወተ፤ የድሉ ክብር ግን ለከፋዩም ደረሰ።

በእንግሊዝ አገር የዮርክ ከተማ ሰዎች ሌላ መንገድ መረጡ። ከመጽሐፍ ቅዱስ የተቀዱትን የኮርፐስ ክሪስቲ ተውኔቶች እስከ 1569 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚያሳዩት የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት ነበሩ። አባላቱ፣ ተጫወቱም አልተጫወቱ፣ በየዓመቱ «የትርኢት ብር» ያዋጡ ነበር። ሆኖም መዋጮው የሚና መግዣ አልነበረም። በ1476 እ.ኤ.አ. የከተማው ምክር ቤት አራት ብልህ ተዋንያን ሌሎቹን እየፈተኑ፣ በድምፅም ሆነ በአቋም የማይበቃውን እንዲያሰናብቱ ደነገገ።

ሦስተኛው ምሳሌ ለአካባቢያችን የቀረበ ነው። በናይሮቢ አጠገብ፣ ሊሙሩ ውስጥ በምትገኘው የካሚሪቱ መንደር ገበሬዎች፣ የሻይ እርሻ የቀን ሠራተኞችና የፋብሪካ ላብ አደሮች ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪኢ በኪኩዩ ቋንቋ የጻፉትን «ንጋሂካ ንዴንዳ» አጠኑ። ልምምዱ ከሥራ በተረፈች ሰዓት ሆነ፤ ከ2,000 በላይ ተመልካች የሚይዘውን ጣራ የሌለው ቴአትር የሠሩት ራሳቸው መንደርተኞቹ ናቸው። ክፍያቸው ጉልበታቸው ነበር። ተውኔቱ ኦክቶበር 2 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ ኖቬምበር 16 መንግሥት ፈቃዱን ነጠቀ። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተያዘ፤ አንድ ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታሰረ። ቴአትሩም በ1982 እ.ኤ.አ. ፈረሰ።

ተዋንያን ይክፈሉ የሚሉ ወገኖች ብርቱ ምክንያት አላቸው፦ ወጪውን ራሱ የሚችል ቡድን የባለጸጋ ፊት አያይም። ካሚሪቱም የቆመችው በራሷ ክንድ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ተዋናይ በጥሬ ገንዘብ እንዲገባ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ታሪኩ በመድረክ የተነገረለት የቀን ሠራተኛ ከደጅ በቀረ ነበር። ሚናውንም የሚችለው ሳይሆን ያለው በወሰደው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አባላት ለማኅበራቸው እንደ አቅማቸው፣ በገንዘብም ሆነ በጉልበት ማዋጣታቸው ከጥንት የመጣ፣ የሚያስከብር ልማድ ነው። የመድረክን ቦታ ለከፋይ መሸጥ ግን ሌላ ነው። የዮርክ ሸማኔና አናጢ ልዩነቱን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር፤ መዋጮውን ከሁሉም ሰበሰቡ፣ ሚናውን ግን በፈተና ሰጡ።