ቅጂው ተርፏል፤ ማን ይክፈተው?

እንደ ደብረ ወርቅ ማርያም ባሉ ጥንታውያን ገዳማት ዕቃ ቤት የተቀመጠን ብራና አንድ እሳት ወይም አንድ ሌባ ያጠፋዋል። ለዚህም በ1973 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያን ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ብራናው ከባለቤቱ ጋር ቀርቶ ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ደረሰ።

ግን የተጠቀለለ ፊልም ዝም ያለ ዕቃ ነው። ያናገሩት በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የትኛው ድርሳን የት ገጽ ላይ እንዳለ መርምረው በካታሎግ አሰፈሩ።

ዛሬ ፎቶው የሚቀመጠው በሃርድ ዲስክ ነው። ዲስክ ደግሞ ያረጃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ዲስኩን ባይት በባይት ወደ አንድ ፋይል ይገለብጣል፤ ይህም የዲስክ ኢሜጅ ይባላል። ውስጡን ለማየት ግን የዲስኩን ክፍሎችና የፋይል ሥርዓቱን የሚለይ፣ ከዚያም ቅጂው እንዳይበላሽ ለንባብ ብቻ የሚከፍት፣ ለምሳሌ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት የእነጌታቸውን ሥራ ነው የሚቀጥለው። ካሜራና ዲስክ በእርዳታ ይገኛል። የሚከፍት ሰው ግን እዚሁ ካልሠለጠነ፣ ከእሳት የተረፈው ብራና ቁልፉ በጠፋ ሣጥን ውስጥ ይቀራል።