ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ፦ የምድር ባቡራችን ሽግግር

መንጌ ሐዲድ አልደረሰባትም። ይሁን እንጂ የህዳሴው ግድብ የተሠራባት ጉባ በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ስለምትገኝ፣ የባቡርና የኃይል ነገር ለዚህ አካባቢ መሐንዲስ ባዕድ አይደለም።

በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ የተጀመረው የሐዲድ ሥራ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። የእንፋሎቱ ባቡር በበረሃው ውስጥ ብርቱ የውሃ ችግር ነበረበት። በ1940ዎቹ የገቡት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ይህን ችግር ቢያቃልሉም፣ ከባሕር ማዶ በሚመጣ ነዳጅ ጥገኛ አደረጉን። በመሠረቱ ናፍጣ-ኤሌክትሪክ የሚባለው ሎኮሞቲቭ ማመንጫውን በጀርባው ተሸክሞ የሚጓዝ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የሽግግሩ ሐሳብም ይህንኑ ማመንጫ ከባቡሩ አውርዶ ወንዝ ዳር መትከል ነው።

በመስከረም 2009 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጂቡቲ አዲስ መስመር በ25 ኪሎቮልት እንዲሠራ ታቅዶ ተዘረጋ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱንም በ2010 ጀመረ። ከዚያ በፊት ግን፣ በ2008ቱ ድርቅ፣ የኤሌክትሪኩ ሥራ ገና ሳያልቅ በዚሁ ሐዲድ ላይ ስንዴ ያጓጓዙት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ነበሩ። ስለዚህ ናፍጣን ከነጭራሹ እናስወግድ የሚለውን አስተያየት ለመቀበል እቸገራለሁ። የናፍጣ ባቡር ቢበላሽ ጉዳቱ የአንዱ ባቡር ነው፤ ከሐዲዱ በላይ ባለው ሽቦ ኃይል ሲቋረጥ ግን በዚያ ክፍል ያሉት የኤሌክትሪክ ባቡሮች በሙሉ ይቆማሉ። በየጣቢያው ለመጎተቻና ለአደጋ ጊዜ የሚሆኑ ጥቂት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ከነጠጋኞቻቸው በዕቅድ ሊያዙ ይገባል።

ጳጉሜን 2017 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከእንግዲህ የባቡር ዕቅድ አውጪን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ከማመንጫው እስከ ሐዲዱ ያለው ማስተላለፊያና ማከፋፈያ ጣቢያ ነው።