ባለንብረቱ ራሱ የሚያስገነባው መኖሪያ ቤት እና የ10 ዓመት የግንባታ ዋስትና

መኖሪያ ቤቱን ራሱ የሚያስገነባ ባለይዞታ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ቤቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ግድግዳው ቢሰነጠቅ ወይም መሠረቱ ቢሰምጥ ተጠያቂው ማን ነው?

ሕጉ የሚደነግገው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 እንደሚደነግገው፣ የሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ሥራው በአግባቡ ለመሠራቱና ለጽናቱ ዋስ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአሠራር ጉድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ብልሽት ኃላፊ ይሆናል። ጊዜውን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ አይኖረውም።

ዋስትናው የሚኖረው መቼ ነው?

ዋስትናው ከሕግ የሚመነጭ ቢሆንም ተቋራጭ መኖሩን ይጠይቃል።

• ሥራውን በሙሉ በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ለማስረከብ የተዋዋለ ተቋራጭ ካለ ዋስትናው ይኖራል።
• ባለንብረቱ ቁሳቁስ እያቀረበ የእጅ ሥራውን ብቻ በቁርጥ ዋጋ ካሠራ፣ ሠሪው የሚጠየቀው በሠራው ሥራ ነው። ጉድለቱ የቁሳቁስ ነው ወይስ የአሠራር የሚለው ለክርክር ሊዳርግ ይችላል።
• ባለንብረቱ ግንበኞችን በቀን ሒሳብ ቀጥሮ ሥራውን ራሱ ከመራ፣ ዋስትና የሚጠየቅበት ተቋራጭ አይኖርም። የጥገናው ወጪ በአብዛኛው በራሱ ላይ ይወድቃል።

የመሬቱ ጠባይ

ሀይሌ ጋርመንት በሚገኝበት በደቡብ አዲስ አበባ በብዙ ሥፍራ ጥቁር መረሬ አፈር አለ። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በቂ ጥናት ሳይደረግ የተጣለ መሠረት በዚህ ሳቢያ ሊናጋ ይችላል። በመሆኑም በቀን ሒሳብ የሚያሠራ ባለንብረት ከሁሉ አስቀድሞ የአፈር ምርመራ ማስደረግና መሠረቱን በመሐንዲስ ማስነደፍ ይጠቅመዋል።

ከባለንብረቱ የሚጠበቅ ጥንቃቄ

1. ከሚመለከተው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ አካል ፈቃድ ማግኘት፤
2. የሥራውን ወሰንና ቁሳቁስ አቅራቢውን የሚገልጽ የጽሑፍ ውል መዋዋል፤
3. መሠረቱና የብረት ሥራው ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት በባለሙያ ማስመርመርና ፎቶግራፍ ማስቀረት፤
4. ርክክቡን ቀኑ በተጠቀሰበት ሰነድ መፈራረምና በዕለቱ የታዩ ጉድለቶችን በዚያው ላይ ማስፈር።

የ10 ዓመቱ ጊዜ የሚቆጠረው ከርክክቡ ቀን በመሆኑ፣ ውሉንና የርክክብ ሰነዱን እስከዚያው ድረስ በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል።