የበረዶ ጎማና ሁለተኛው ቸርኬ

ኅዳር ሲገባ በሞንትሪያል፣ በስቶክሆልምና በሄልሲንኪ የጎሚስታው ደጅ በመኪና ይሞላል። ወረፋ ከያዙት መካከል የሚመላለሰው ጥያቄ በየዓመቱ ያው ነው፦ የበረዶውን ጎማ ብቻ ገዝቶ በዓመት ሁለቴ በዚያው ቸርኬ ላይ ማስፈታትና ማስገጠም ይሻላል? ወይስ አራት ቸርኬ ጨምሮ ገዝቶ ጎማውን እስከነቸርኬው መቀያየር? ጥያቄው የዘመናችን ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና ብርቅ በነበረበት ዘመን ቸርኬ በቀላሉ ከመኪናው አይወልቅም ነበር። ጎማ ሲተነፍስ ሾፌሩ መንገድ ዳር ተንበርክኮ ጎማውን በብረት ይፈለቅቃል፤ የውስጡን ይለጥፋል፤ መልሶ በፓምፕ ይነፋል። ዝናብ ቢሆን፣ ጨለማ ቢሆን ሌላ መላ የለም። በ1904 በዌልስ የላኔሊ ከተማ ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች ስቴፕኒ የሚባለውን ትርፍ ጎማ ለገበያ አቀረቡ። ራጅ የሌለው ክብ ብረት ላይ የተነፋ ጎማ አለበት፤ ይህ በተነፈሰው ጎማ ጎን ተቆንጥጦ ይታሰርና መኪናው ጉዞውን ይቀጥላል።

ነገሩን በአደባባይ ያስመሰከረው ግን የ1906ቱ የፈረንሳይ ግራን ፕሪ ነው። ሰኔ 26 እና 27 በሌ ማን አቅራቢያ በተካሄደው ውድድር ሙቀቱ የመንገዱን ሬንጅ አቀለጠው፤ ጎማዎች በየዙሩ ይበጣጠሱ ነበር። በደንቡ መሠረት መኪናውን መንካት የሚችሉት ሾፌሩና አብሮት የሚቀመጠው መካኒክ ብቻ ናቸው። ቸርኬው የማይፈታላቸው ተወዳዳሪዎች ያለቀውን ጎማ በቢላ ቀደው አውጥተው አዲሱን በጉልበት ሲያስገቡ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅባቸዋል። የሬኖው ሾፌር ሃንጋሪያዊው ፈረንጽ ሲስ ግን በኋላ እግሮቹ ላይ ሚሽሊን የሠራውን ተፈቺ ቸርኬ ገጥሞ ነበር። ስምንት ዳዶ ፈትቶ፣ ቸርኬውን ከነጎማው አውጥቶ፣ አስቀድሞ የተነፋውን አስገብቶ እንደገና ያጠብቃል። አራት ደቂቃ አይሞላም። ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቶ ሲስ ከግማሽ ሰዓት በበለጠ ልዩነት አሸነፈ። የሞተሩ ጉልበት አያጠያይቅም፤ ያን ያህል ርቀት የሰጠው ግን በአብዛኛው ቸርኬው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በረዶው የራሱን ጎማ ያገኘው ቆይቶ ነው። በ1934 በፊንላንድ ኖኪያ ከተማ የሚገኘው የጎማ ፋብሪካ ለጭነት መኪና የሚሆን የበረዶ ጎማ ሠራ፤ ጥርሱ ወደ ጎን የተቀረጸ ስለነበር በረዶውን እየነከሰ ይሄዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለቤት መኪና የሚሆነው ሃካፔሊታ ተከተለ። በ1961 ደግሞ ፋብሪካው ለብረት ሚስማር ታስቦ የተሠራ ጎማ አወጣ። ሚስማሩ በግግር በረዶ ላይ ተወዳዳሪ የለውም፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንገዱን ይፍቃል። በዚህም የተነሳ ሚኔሶታ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ምዕራብ ጀርመን ደግሞ በ1975 ከለከሉት። ሚስማር የሌለው የበረዶ ጎማም ቢሆን በብርድ እንዳይደርቅ ከለስላሳ ላስቲክ ስለሚሠራ በበጋ ሙቀት ቶሎ ያልቃል። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ የሚነዱ አይደሉም፤ በየወቅቱ መቀየር ግድ ሆነ።

ሕጉም ተከተለ። ስዊድን ከታኅሣሥ 1 ቀን 1999 ጀምሮ፣ ኬቤክ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ የበረዶ ጎማን ግዴታ አደረጉ። በስዊድን ተራፊውን ጎማ እስከ ወቅቱ የሚያስቀምጡ ድርጅቶች የጎማ ሆቴል ይባላሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም ወይም ወደ ቶሮንቶ የሄደ ሾፌር አገር ቤት ጨርሶ የማያውቀው ወጪ ነው፤ በታክሲ ሥራ ለሚተዳደር ደግሞ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ተራ ብረት ነው። ምክንያት አለው፦ ለበረዶ ማቅለጫ የሚረጨው ጨው ውዱን የአሉሚኒየም ቸርኬ ይበላዋል፤ ብረቱ ግን ቢዝግም ርካሽ ነው። ጎማው በየጊዜው ከቸርኬ ሲፈለቀቅ ጠርዙ ሊጎዳ የሚችልበት አጋጣሚም ይቀራል። ሒሳቡን ያወሳሰበው ሴንሰሩ ነው። በአሜሪካ ከ2007 መገባደጃ ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ የጎማ ንፋስ ማነስን የሚጠቁም መሣሪያ እንዲኖራቸው ሕጉ ያዛል። በብዙዎቹ ላይ መሣሪያው ያለው በየቸርኬው ውስጥ ስለሆነ ሁለተኛው ቸርኬ ሁለተኛ ሴንሰር ይጠይቃል።

እንዲያም ሆኖ መኪናውን ለሦስትና ለአራት ክረምት ለሚይዝ ሰው ቸርኬ መግዛቱ ያዋጣል፤ በየወቅቱ ለማስፈቻ፣ ለማስገጠሚያና ለባላንስ የሚከፈለው ተደማምሮ ዋጋውን ይመልሳልና። በሚቀጥለው ዓመት ሊሸጠው ላሰበ ግን አያዋጣም። የሚገዛም ሰው የብሎኑ ቀዳዳ፣ የመሐሉ ክብና የፍሬኑ ክፍተት ከመኪናው ጋር መግጠማቸውን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ከተገጠመም በኋላ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላው ብሎኖቹን እንደገና ያስጠብቅ።